ኤንትሬ፣ መርቸዲስ ወይስ ኤፍኤስአር? ለፍቅር የሚታደስ አሮጌ የጭነት መኪና ስትመርጡ

አሮጌ የጭነት መኪና ገዝቶ ማደስ የሚፈልግ ሰው ሲያገኘኝ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «የቱን ልግዛ?» የኔም መልስ ሁሌም ጥያቄ ነው። «መካኒክህ ማነው?»

ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ሰው መጀመሪያ የሚወደው መኪናውን ነው። ግንባሩን፣ የጡሩንባውን ድምፅ፣ ካሶኒው ላይ የተሣለውን አንበሳ። ይገባኛል። አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ልጅ ሆኜ የሱን ኤንትሬ፣ የጣሊያኑን ፊያት የጭነት መኪና፣ ድምፅ ከሌላው ሁሉ ለይቼ አውቀው ነበር። ገና ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ በሩን ልከፍት እሮጣለሁ። የራሴን አሮጌ መኪና ስገዛም የመረጥኩት በዚያው ጆሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለፉት ዓመታት ግን ሌላ ነገር አስተማሩኝ። መኪናው ፈልገው ካገኙት ይገኛል። ያንን ሞተር ሃያና ሠላሳ ጊዜ ከፍቶ የዘጋ እጅ ነው የማይገኘው። ምርጫው መጀመር ያለበት ከእጁ ነው።

ይህን የምጽፈው መኪናውን ለፍቅር ለሚፈልጉ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እጃቸው ግራሶ ሲነካ ደስ ለሚላቸው። የአባታቸው ወይም የአያታቸው መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ ሲዝግ ማየት ለከበዳቸው። ውጭ ኖራችሁ ክረምት ላይ ብቻ ለምትመጡም ነው፤ እንዲያውም የመካኒኩ ጉዳይ ከማንም በላይ እናንተን ይመለከታል። መኪናው ጭኖ ብድር እንዲከፍል ለሚፈልግ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ስለሆነ እዚህ ውስጥ አልገባም።

ኤንትሬ

ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ኤን 3ን ነው። «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። የ682 ዘር መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን እስከ 1980ዎቹ ድረስ ዘልቋል። ጣሊያኖች ራሳቸው «የአፍሪካ ንጉሥ» ይሉታል። ኤን 3 ላይ ያለው ሞተር ባለ 6 ሲሊንደር፣ 11 ሊትር ተኩል ገደማ፣ ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍታ ሞተር ነው። ጉልበቱ 180 ፈረስ አካባቢ ነው። ይህን ያህል ጉልበት ዛሬ ፒክአፕ ላይ ታገኙታላችሁ። ኤንትሬ ግን በዚህ ጉልበት ተሳቢ ጎትቶ፣ ከአሰብ በረሃ ተነስቶ፣ ሚሌን፣ ባቲንና ኮምቦልቻን አልፎ ጣርማበርን ይወጣ ነበር። በዝግታ ነው፤ ግን ይወጣል።

ካምቢዮው 4 ማርሽ አለው። ከፋፋዩ ሲጨመር 8 ይሆናል። ሲንክሮ፣ ማለትም ማርሾቹን ራሱ የሚያስማማ ነገር፣ የለውም፤ ስለዚህ ማርሽ ስትቀይሩ ፍሪሲዮን ሁለቴ መርገጥ፣ መሐል ላይ ደግሞ ሞተሩን በጆሮ አዳምጦ ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ጥርሱ ይጮኻል፣ ያስደነግጣል። በሁለተኛው ወር አካባቢ እግርና ጆሮ ይስማማሉ። ያን ቀን የምታገኙትን ደስታ ሌላ መኪና አይሰጣችሁም።

የኤንትሬ ትልቁ ጥቅም ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ቋንቋው የኛ ነው። አንድ ጊዜ የድሮ የፊያት የጥገና መጽሐፍ በጣሊያንኛ እጄ ገባ። ጣሊያንኛ አልችልም። የሚረዳኝ ሽማግሌ መካኒክም አይችሉም፤ «ጋሼ» ነው የምላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ሲገልጡ ግን ሥዕሎቹ አጠገብ የተጻፈውን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ቴስታታ። ፍሪሲዮን። ካምቢዮ። ብየላ። ባሌስትራ። ኩሽኔታ። ዕድሜ ልካቸውን በአማርኛ የጠሯቸው ቃላት ናቸው። ፊደሉን ካወቁ በኋላ ያለ አስተርጓሚ ግማሹን መጽሐፍ ገቡበት። የጀርመንኛ ወይም የጃፓንኛ መጽሐፍ እንዲህ አይከፈትላችሁም።

እጁም አለ፣ ለጊዜው። አምቼ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቁሞ የፊያትን፣ በኋላም የኢቬኮን መኪኖች እዚሁ አገር ሲገጣጥም ኖሯል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያደጉ ኤርትራውያን «አምቼ» የተባሉት ከዚሁ ፋብሪካ ስም ተነስቶ ነው፤ የአንድ ፋብሪካ ስም የሰው መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ከኑሯችን ጋር ተዋህዷል። በነዚያ ዓመታት የሠሩት መካኒኮች አሁን አርጅተዋል። በ70ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ብዙ ናቸው። ኤንትሬ የምትፈልጉ ከሆነ የምትቸኩሉበት ምክንያት ይኸው ነው።

ችግሩ ዕቃ ነው። አዲስ መለዋወጫ ከሱቅ አገኛለሁ ብላችሁ አትነሱ። ሶማሌ ተራ ገብታችሁ የኤንትሬ ዕቃ ስትጠይቁ ወጣቶቹ ሻጮች ፈገግ ብለው ወደ አንድ ሽማግሌ ይጠቁሟችኋል። እሱ ካለው አለው። ከሌለው ምናለሽ ተራ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያም ቶርኖ ቤት። ቡሽ በቶርኖ ይወጣል። ጉርኒሲዮን፣ በሁለት ብረት መሐል የሚገባው ማሸጊያ፣ ከሉህ ላይ በእጅ ይቆረጣል። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጉርኒሲዮን ግን በእጅ የሚቆረጥ አይደለም። የፍሬን ላስቲኮችም እንዲሁ። ለነዚህ ጣሊያን ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ካላችሁ እዚያ የድሮ የጭነት መኪና የሚያድሱ ሰዎች ስላሉ ዕቃው ይፈለጋል። የኔ ምክር ደግሞ ኤንትሬ ስትገዙ ሁለት እንድትገዙ ነው። አንዱ የሚነሳ፣ ሌላው ዕቃ የሚወጣለት። የሞተ ኤንትሬ ዋጋው በብረቱ ክብደት ነው የሚተመነው፤ ተፎካካሪያችሁ ሌላ መኪና ወዳድ ሳይሆን ብረት አቅላጭ ነው። ስለዚህ ካያችሁት ቶሎ ወስኑ። ነገ ስትመለሱ በኦክስጅን ተቆርጦ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሁለቴ ደርሶብኛል።

ሌላም አለ። ጋቢናው አይደፋም። ሞተሩ በሹፌሩና በረዳቱ መሐል ነው ያለው። ክዳኑን አንስታችሁ እዚያው ጋቢና ውስጥ ተንበርክካችሁ ነው የምትሠሩት። ወገብ ለሚያመው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መርቸዲስ፣ ያ አፍንጫ ያለው

ከመርቸዲስ ጥሩ ነገሩ ስሙ ራሱ መናገሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች መኪናው ከነጭነቱ የሚመዝነው ቶን ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት በ10 ሲባዙ የፈረስ ጉልበቱን ይሰጣሉ። 1113 ማለት 11 ቶን፣ 130 ፈረስ ነው። 1924 ደግሞ 19 ቶን፣ 240 ፈረስ። ሻጭ «ይኼ ከባዱ ነው» ሲላችሁ ቁጥሩን አንብቡ። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ ደግሞ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

1113 ላይ ያለው ሞተር ኦኤም 352 ይባላል። 6 ሲሊንደር፣ 5.7 ሊትር። ይህ ሞተር ከጀርመን ውጭም ብራዚልና ኢራን ውስጥ ተመርቷል። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ስለተሠራ ፒስተኑ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ብሮንዚኑ (የክራንክሻፍቱ ማረፊያ) ዛሬም አዲስ ይመረታል። 1924 ላይ ያለው ኦኤም 355 ደግሞ 11.6 ሊትር ነው፤ ለሱም ዕቃ አለ፣ ግን ሁሉ ነገሩ ከባድና ውድ ነው። ለትርፍ ጊዜ ሥራ እኔ 1113ን እመርጣለሁ። ቴስታታው በሁለት ሰው ይነሳል። የ1924ቱን ለማንሳት ግን ፓራንኮ (የሰንሰለት ማንሻ) ያስፈልጋችኋል።

አፍንጫው ደግሞ ለተማሪ የተሠራ ይመስላል። ኮፋኖውን ከፍታችሁ ጎማው ላይ ትቆማላችሁ። የናፍታ ፖምፓው፣ ናፍታውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩት ኢንጀክተሮች፣ ፊልትሮው ፊት ለፊታችሁ ነው። ናፍታ አልቆበት የቆመ መኪና አየር እንዴት እንደሚወጣለት ለልጄ ያስተማርኩት የጓደኛዬ 1113 ላይ ነው። የፊልትሮውን አናት ቡሎን ግማሽ ዙር አላላ። በእጁ የፖምፓዋን እንቡጥ እየጫነ ይለቃል። መጀመሪያ አረፋ ብቻ ይወጣል፤ ትስስ ይላል። ቀስ በቀስ አረፋው ይቀንሳል። ንጹሕ ናፍታ ያለ አረፋ መውረድ ሲጀምር ቡሎኑን ያጠብቃል። ልጁ 13 ዓመቱ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ያየሁትን ፊቱን አልረሳውም።

የ1113 ፍሬን ዘይትና አየርን ያቀላቀለ ነው። አየሩ ያግዛል፣ ዘይቱ ይገፋል። ስለዚህ ሁለቱንም ማወቅ አለባችሁ። የፍሬን ዘይቱ ጠቁሮ ከሆነ ሳትጠይቁ ቀይሩት።

ጉድለቱ የአካሉ ዝገት ነው። በተለይ የጋቢናው ወለልና የበሮቹ ታች። ጎበዝ ባትላሜራ (የአካል ብረት ሠሪ) ካላችሁ የሚፈታ ነው። ቀለሙ አዲስ ሆኖ ሲያብለጨልጭ ካያችሁ ማግኔት አስጠጉ። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው።

ኤፍኤስአር

ስለ አይሱዙ ኤፍኤስአር ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጋቢናው ወደፊት ይደፋል፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስከ ገጠር ከተማ አለ። የማያውቀው መካኒክ የለም። የቆዩት ሞተሮች በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠሩ ስለሆኑ ኮምፒውተር አይፈልጉም። ኮምቦልቻ ወይም ሆሳዕና ሆናችሁ ብቻችሁን የምትማሩ ከሆነ ከሦስቱ የሚሻላችሁ ይህ ነው።

ዋጋው ግን እሳት ነው። ምክንያቱም ዛሬም ይሠራል፣ ገንዘብ ያመጣል። አሮጌ ኤፍኤስአር የምትገዙት ከሚሠራበት ሰው ጋር ተሻምታችሁ ነው። ደግሞም እያንዳንዱ ብዙ እጅ ያለፈ ነው። ሞተሩ የአንዱ፣ ካምቢዮው የሌላው፣ ጋቢናው የሦስተኛው ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይናችሁ ሳታመሳክሩ ቀብድ አትስጡ። ትንሹ አይሱዙ ኤንፒአር ደግሞ ጎበዝ ነው፣ ግን ከባድ መኪና አይደለም።

በደርግ ዘመን የገቡትን የሶቪየት መኪኖች የሚጠይቁኝም አሉ። ዚል 130 እና ኡራል 375 ግርማ አላቸው፤ አልክድም። ሁለቱም ግን ቪ8 የቤንዚን ሞተር ነው ያላቸው። ኡራሉ 7 ሊትር ነው፤ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ50 ሊትር በላይ ይጠጣል። ሥራውን ብትወዱት እንኳ ነድታችሁ አትደሰቱበትም። ኡራል ከፈለጋችሁ በናፍታ የሚሄደውን 4320 ፈልጉ።

እንግዲህ የኔ ፍርድ። ለጀማሪ 1113። ጥሩ ሽማግሌ መካኒክ፣ ትዕግሥትና የቤተሰብ ትዝታ ላለው ሰው ኤንትሬ። መካኒክ ሩቅ ለሆነበት ኤፍኤስአር።

የሚነሳ ወይስ የቆመ?

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። የቆመ መኪና ርካሽ ነው። «ባትሪ ብቻ ነው የሚፈልገው» ይላሉ። 10 ዓመት የቆመ መኪና ባትሪ ብቻ ፈልጎ አያውቅም።

የኔን ልንገራችሁ። ኤንትሬዬን የገዛሁት ቆሞ ነው። ወደ አንድ ጋራዥ አስጎትቼ ወሰድኩት። ጋራዡ ምንም ሳይመረምር መኪናውን በሌላ መኪና አስጎትቶ፣ ማርሽ አስገብቶ ሊያስነሳው ሞከረ። ከውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ። እንደ መዶሻ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ጸጥ። ሞተሩ ሲከፈት ሁለት ብየላ፣ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ፣ ታጥፎ አገኘን። የሆነው ቀላል ነው። የጭስ ቱቦው ወደ ሰማይ ነው የተከፈተው። ዝናቡ ለዓመታት ገብቶ ሁለት ሲሊንደር ውስጥ ውኃ ተኝቷል። አየር ይጨመቃል፣ ውኃ አይጨመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ውኃው እምቢ አለ፣ ብየላው ታጠፈ። አንድ ዓመት ሙሉ ያን ሞተር ለማዳን ሄደ። ግማሽ ሰዓት ብንታገሥ ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር።

ስለዚህ የቆመ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ከታች የዘይቱን ማፍሰሻ ቡሎን ቀስ ብላችሁ አላሉ። ውኃ ከዘይት ይከብዳልና ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ቀጥሎ ኢንጀክተሮቹን በሙሉ አውጡ። በየቀዳዳው ትንሽ ናፍታና ዘይት ቀላቅላችሁ አፍስሱ። ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጥ። ከዚያ ካምቢዮው ፍሪ መሆኑን አረጋግጣችሁ፣ ክራንክሻፍቱን ከፊት በረጅም መፍቻ በእጅ አዙሩ። ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ ውኃ ካለ ተፍ ብሎ ይወጣል፤ ፊታችሁን አርቁ። ሁለት ሙሉ ዙር ያለ እምቢታ ከዞረ ተስፋ አለ። አልዞር ካለ አታስገድዱት። ጨምሩበት፣ ጠብቁ፣ ሳምንት ይቆይ።

የናፍታ ታንከሩንም እንዳለ አትመኑት። 10 ዓመት የተኛ ናፍታ ታች ላይ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ያ ጭቃ ፖምፓው ውስጥ ከገባ ወጪው ከመኪናው ዋጋ ይጠጋል። ለመጀመሪያው ማስነሻ ንጹሕ ናፍታ በጄሪካን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉና በቱቦ አገናኙ።

የሚነሳ መኪና ለመግዛት አቅም ካላችሁ የሚነሳውን ግዙ። በርካሽ የገዛ ሰው ልዩነቱን ከነወለዱ ሲከፍል ብዙ አይቻለሁ፤ እኔም ከፍያለሁ።

ሞተሩን ማደስ ወይስ ሌላ ሞተር መቀየር?

ከሁለቱም በፊት ሦስተኛ ምርጫ አለ፤ መተው። ጠዋት በብርዱ ቶሎ የሚነሳ፣ የዘይት ግፊቱ ሞተሩ ሞቆም የማይወርድ ሞተር ካላችሁ አትክፈቱት። «እስቲ ውስጡን እንየው» ተብሎ ተከፍቶ እንደ ድሮው ያልተዘጋ ሞተር ብዙ ነው።

ጭሱን ስታዩ ደግሞ የት እንደቆማችሁ አስታውሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። የኤንትሬው 180 ፈረስ እንጦጦ ሥር ሲደርስ ወደ 140 ይጠጋል ማለት ነው። አየሩ ስስ ነው፣ ናፍታው ግን ያው ነው፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ማየት ሞተሩ አልቋል ማለት አይደለም። የፖምፓ ባለሙያ ናፍታውን ትንሽ ቢቀንሰው ይሻሻላል። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየነደደ ነው፣ ፋሻና ካምቻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ሸሚዝ) ይጠይቃል። ነጭ ጭስ ጠዋት ትንሽ ወጥቶ ሲሞቅ ከጠፋ ችግር የለውም። ሞቆም ካልጠፋና የራዲያተር ውኃ ከቀነሰ የቴስታታውን ጉርኒሲዮን ጠርጥሩ።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተር ክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ግፊት አይይዝም፣ መኪናው ያለ ጥፋቱ «ይሞቃል» ይባላል። ሞተር አስወርዶ ሊያሳድስ የተዘጋጀ ወዳጅ ነበረኝ። ጋሼ ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «መጀመሪያ ይቺን ቀይር» አሉት። ያች ነበረች።

ማደስ የግድ ከሆነ የራሱን ሞተር ማደስ ይሻላል እላለሁ። ኤንትሬ ላይ የሌላ መኪና ሞተር የሚገጥሙ አሉ። ይሠራል። ይሁን እንጂ ካምቢዮው፣ የሞተር ማሰሪያው፣ ራዲያተሩ ሁሉ አብሮ ይቀየራል። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬ ላይ ካለው ጋር ስለማይገጥም መጀመሪያ መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድምፁ ይጠፋል። ለድምፁ ብሎ ኤንትሬ የገዛ ሰው ሌላ ሞተር ሲገጥም ሳይ ያሳዝነኛል።

ፍሬንና ጎማ

እዚህ ላይ ምርጫ የለም። ሌላውን ሁሉ ለሚቀጥለው ዓመት ማሳደር ትችላላችሁ፤ ፍሬንና ጎማ አያድርም።

በአየር ፍሬን የሚሠራ መኪና ሲሆን ሞተሩን አስነስታችሁ አየሩ እስከ 7 ወይም 8 ባር ይሙላ። ሞተሩን አጥፉ። ጌጁን እያያችሁ 10 ደቂቃ ተቀመጡ። ከዚያ ፍሬኑን ረግጣችሁ ይዛችሁ እንደገና እዩ። መርፌው በዓይናችሁ ፊት ከወረደ ሳሙና ውኃ ይዛችሁ በየመገጣጠሚያው ዙሩ። አረፋ የሚነፋበት ቦታ ነው። የዛሬ መኪኖች አየር ሲያልቅ በስፕሪንግ ራሳቸውን ያቆማሉ። ብዙዎቹ የድሮ መኪኖች ይህ የላቸውም። አየር ካለቀ ፍሬን የለም ማለት ነው። የአየር ጋኖቹን ከታች ሁልጊዜ አስተንፍሱ፤ ውኃ ያጠራቅማሉ።

የፍሬን ታምቡር ስትፈቱ አቧራውን በአየር አትንፉት። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ ሳንባ ይጎዳል። ውኃ ረጭታችሁ በጨርቅ ጥረጉ።

ስለ ጎማ። እነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ባለ ቀለበት ቸርኬ ናቸው። ጎማውን የሚይዘው ዳር ላይ የሚገባ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ አየር ከተሞላ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ይህ ማጋነን አይደለም። ከመፍታታችሁ በፊት የቫልቩን ልብ አውጥታችሁ አየሩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ስትሞሉ ጎማውን በወፍራም ሰንሰለት እሰሩ ወይም የብረት ቀፎ ውስጥ አስገቡ። ቱቦው ረጅም ይሁን፣ ከጎን ቁሙ፣ ፊት ለፊት አትቁሙ። አየር እየገባ ቀለበቱን በመዶሻ የሚመታ ጎሚስታ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

የጎማውን ዕድሜ በጥርሱ አትለኩት። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለ። 3208 ካለ በ2008 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ የቆመ መኪና ምልክት ነው።

ግቢ ወይስ ጋራዥ?

ግቢያችሁ ስፋት ካለውና መሬቱ ጠንካራ ከሆነ ግቢ። ኪራይ የለም፣ ማታም ትሠራላችሁ። ብቻ መኪናው ሥር ስትገቡ ክሪክ ላይ ብቻ አትተማመኑ። ብሎኬት ደግሞ በፍጹም። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው። ወፍራም የባቡር ሐዲድ እንጨት ወይም በብየዳ የተሠራ የብረት መቆሚያ አድርጉ። ሞተር ማውረድና የፖምፓ ሥራ ሲመጣ ብቻ ወደ ጋራዥ ውሰዱት።

ወረቀት ላይም ቸል አትበሉ። ሊብሬው ከሌለ ወይም የሟች ስም ላይ ካለ፣ ውርሱ ሳይጣራ ገንዘብ አታውጡ። ከውጭ አስገባለሁ የሚል ካለ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ ተሽከርካሪ ማስገባትን በጣም አስወድዶታል። አገር ውስጥ ያለውን ፈልጉ።

ልታዩ ስትሄዱ

የእጅ ባትሪ፣ ማግኔት፣ ረጅም መፍቻ፣ ነጭ ጨርቅና መካኒካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የዘይት መለኪያውን በነጩ ጨርቅ ጥረጉ። እንደ ወተት ቡና ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። ሻንሲውን ከጋቢናው ጀርባና ከኋላ ባሌስትራው ማሰሪያ አጠገብ በባትሪ እዩ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሻጩ እንደምትመጡ ስለሚያውቅ ብዙ ጊዜ ሞተሩን ቀድሞ አስነስቶ ይጠብቃችኋል። የሞቀ ሞተር ጉዱን ይደብቃል። ስለዚህ ሰላምታ እንዳበቃችሁ ኮፋኖውን ወይም የጋቢናውን የሞተር ክዳን አስከፍቱና በጥንቃቄ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ሞተሩ አስጠጉ። ሙቀት ከተሰማችሁ አትከራከሩ። ቡናውን ጠጡ፣ አመስግኑ፣ «ነገ ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ ሳይነሳ ልየው» ብላችሁ ቀጠሮ ያዙ።